አታጎንብስ

ከኤስቢየር ወደብ ሁለት ሰዓት በጀልባ፣
ባሕሩ እየናጠን ማማው ውስጥ ስንገባ፣
ነፋሱ በብረቱ ከውጭ ታግዶ ቀረ፤
እንደ ጎረቤት ጠብ ከግድግዳ ወዲያ ያጉረመርም ነበረ።

ቦዲል ባትሪዋን ወደ ላይ አበራች።
"ታያለህ፣ አስጌር?" አለች፤ አገጯን አቀናች።
ከራሳችን በላይ ወለሉ ሰርጉዷል፣
ጡጫ በሚያህል ልክ ብረቱ ጎድጉዷል፣
አንድ ሰው በቢጫ ቀለም ከብቦታል።

"የቫውን ነው እሱ፤ ለግንባሩ የመጣ።
ቀዩን መስመር ሊያይ አንገቱን ሲያወጣ፣
ከቡሎኑ አናት ላይ ጎንበስ እንዳለ፣
ማስነጠስ መጣበት፣ ዞረ፣ ተገለለ።
ያን ጊዜ ቡሎኑ ተበጥሶ ዘለለ።
ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ቫርደ ላይ ንብ ያነባል።
ማስነጠስ ግን፣ ልጄ፣ በቀጠሮ ይመጣል?
አታጎንብስ።"

ከዚያ ቱቦውን መረመረች፣
ፈረስ እንደሚገዛ ሰው እጇን ኋላዋ አጣምራ፣
በዓይን ብቻ፣ በባትሪዋ ጮራ።
"የሚሾልክ ዘይት ከመርፌ ይቀጥናል፣
ሳያደማህ ገብቶ ክንድህን ይበላል።
'ቀይ ነጥብ ብቻ ናት' ብለህ ቤት እንዳትሄድ፤
ያን ቀን ሐኪም ቤት ነው፣ ባየርም በመንገድ።"

እሷ ፓምፑ ጋ ናት፣ እጇ ማስተንፈሻው ላይ።
"ክሩ መሳቢያውን ስንት ዙር እንደያዘ እይ፤
ቆጥረህ ንገረኝ።" ቆጠርኩ። ነገርኳት።
"ደግመህ ቁጠር።" ደግሜ ቆጠርኩላት።
ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ሰባ ቡሎን ሙሉ
ጥያቄና መልሱ አንድ ዓይነት ሲባሉ!

"ራቅ!" ራቅሁ። "ርቄያለሁ" አልኩኝ።
በጎን መቆሜን እስክታይ ጠበቀችኝ።
ሦስት መቶ ባር። ቆመች። ቱቦው አላነባም።
ሰባት መቶ። ሺህ። ቀዩ መስመር አልወጣም።
ሺህ ሦስት መቶ።
ፓምፑ ዝም አለ።

አንድ የጥፍር ውፍረት ቡሎኑ ረዘመ።
ከጎን፣ ክንዴን ብቻ ልኬ፣ ዳዶውን በዘንግ አዞርኩት፣
ያለ ጉልበት፣ እንደ ማር ብርጭቆ ክዳን፣
እስኪገጥም፣ እስኪያርፍ።

አስተነፈሰችው።
ብረቱ ወደ ድሮ ልኩ ልመለስ አለ፤
ዳዶው ከለከለ።
ያ መመለስ መሻት፣ ያ መከልከል፣ ሁለቱ ተሳስበው፣
ማማውን፣ ክንፎቹን፣ የከተማውን መብራት
ያቆሙት እነሱ ናቸው።

ምሳ ላይ ጥቁር ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣
ከቦርሳዋ የማር ብርጭቆ አወጣችልኝ።
ቫውን በየዓመቱ ለቡድኑ ይልካል፤
ክዳኑ ላይ በእጁ፣ ቀን ሳይሆን ቁጥር ይጽፋል፦
"ቡሎን ሰባ አንድ።"
ማንኪያዬን ልሰድ
ብርጭቆው ላይ ጎንበስ ስል፣
"አስጌር!" አለች።
ሳቀች።