በብርዱ በኩል

አባቴ ሰው ሲስም ጉንጭ አያስቀድምም፤
አንጓ ይዞ ቀጥ፣ አንጓ ይዞ ዝም።
ከንፈሩ ይቆጥራል፣ ዓይኑ ግድግዳ ላይ፣
ሰዓት የሌለበት፣ ጭስ ያጠቆረው ላይ።
«ስልሳ ስምንት» ይላል፤ «ደኅና ነሽ የኔ ልጅ»፤
ከዚያ ነው የሚስመኝ፣ ሳይለቀው ያንን እጅ።

መሐል ሜዳ ገበያ፣ ቆርቆሮ ቤታችን፣
ውርጩ ሌሊት ገብቶ ሲያድር ከመሐላችን፣
ስድስት ሆነን ነበር ባንድ ባና ሥር፣
አባባ ከበሩ፣ በብርዱ በኩል ዳር።
«ለምን ዳር?» ስትለው እማዬ ዘነበች፣
«በሌሊት ቢጠሩኝ» ይላታል፤ ትስቃለች።
«ማን ይጥራህ እንግዲህ? ጦርነቱ አለቀ!»
እሱ ግን በእንቅልፉ ጫማውን ጠየቀ።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በሰሜን ተራራ፣
«ድሬሰር!» እየተባለ ቀን ከሌት ሲጠራ፣
ፋሻ ቢያልቅ በሸሚዝ፣ ሸሚዝ ቢያልቅ በጣቱ፣
ደም ሲያቆም የኖረ፣ እስኪነጋ ሌሊቱ፤
ለኛ የነገረን ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት፣
አንዲት በቅሎ ብቻ፣ ግሉኮስ የጠጣችበት።

ቅዳሜ ገበያ «ዶክተር» ሲሉት ሰዎች፣
«ድሬሰር ነኝ» ይላል፤ ይስቃሉ ሴቶች።
ለመርፌው እንቁላል፣ ለፋሻው የማር ጣሳ፣
ያልከፈለውንም ይለዋል «ተረሳ»።

የደብተር ቦርሳዬ አንገቱ ሲቀደድ፣
በቁስል ስፌት ነው የሰፋው አንድ በአንድ፤
ክሩን ለየብቻ እየቋጠረ፣
«አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል» ይል ነበረ።
የቸሩን ጉልበት ሲያጥብ፣ ከወደቀ ኋላ፣
ያወራለት ነበር ስለ በግ፣ ስለ ባቄላ፤
«ቁስለኛ ፊት ፊትሽን ጠብቂ» ይለኛል፣
«ቁስሉን ባያይ እንኳ፣ ካንቺ ላይ ያነባል።»

ያው እሱ፣ እማዬ ስታምጥ የመጨረሻዋን ልጅ፣
ለስንቱ የጸናው አልታዘዝ አለው እጅ።
ውጭ ቆሞ አየሁት፣ ካቡን ተደግፎ፣
የኮቱን እጅጌ በጥርሱ ቀርጥፎ።

ባናው ከየት መጣ? ጠይቄ አላውቅም፤
መንዝ ላይ ባና የት ነው የሌለ? አይደንቅም።
አንድ ቀን ከሣጥኑ ሥር ደብተሩን አገኘሁ፣
በክኒን ካርቶን የተለበደ፤ ገልጬ አየሁ።
ስም፣ ሰዓት፣ መንደር፣ የመጨረሻ ቃል፤
ከአንዳንዱ ስም ትይዩ «ደርሻለሁ» ይላል።
«ደርሻለሁ» ሲል ግን ለቁስሉ አይደለም፤
ለናቱ ነው፤ በእግሩ፤ ሌላ የሚያረዳ የለም።

«ልሳነወርቅ። ሞላሌ። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
ሆዱን ነው። ውኃ አይሰጥም። ውኃ ለመነኝ።
ሰጠሁት።
ደርሻለሁ።»

ባናው ከዚያ መጣ። ወይዘሮ ይርገዱ፣
ደርሶ ሲያረዳቸው በክረምት፣ በብርዱ፣
አልጮኹም ወዲያው። ለልጃቸው ብለው
ያሠሩትን ባና ከቆጡ አውርደው፣
«ተጠምቶ አልሞተማ» አሉ፤ ደረቡለት።
እኛ ስድስታችን ያደግንበት ሙቀት።

ባለፈው ኅዳር ላይ፣ ውርጭ ሜዳውን ሲያነጣ፣
እጁን እኔ ያዝሁት፤ ተራ ለኔ መጣ።
አንጓው ጣቴ ሥር ነው፣ ቀጭን እንደ ፈትል፣
ሲመጣ ሲቀር ነው፣ ሲጠፋ ሲቀጥል።
ቆጠርሁ። ዓይኔን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፣
ፊቴን እንዳያነብ። ድምፄን አስተካከልኩ።
«ስልሳ ስምንት» አልሁት።
                    ዐወቀ። ፈገግ ብሎ፣
«ጎበዝ፣ ድሬሰሬ» አለኝ፣ እጄን በእጁ ጠቅልሎ።

በዚያች ሌሊት እኔ በብርዱ በኩል ተኛሁ፤
ጫማውን ከበሩ ሥር፣ አቅንቼ አኖርሁ።