ዜሮ ዓመት

ማርቆስ መናኸሪያ፣ ከመብራቱ እንጨት ላይ
አዲስ ወረቀት አሉኝ፤ ሮጥኩኝ እኔም ላይ።
«መሐንዲስ። ብዛት፦ አንድ።
ሁለት ዓመት ልምድ።»
ዝናብ ቀለሙን ሁሉ አጥቦት ነበረ፤
«ሁለት» ያለው ብቻ ሳይለቅ ቀረ።

አባቴ፣ በልጅነት ጎንጅ ቅኔ የቆጠሩ፣
«ለምድ ነው ወይ ያሉህ?» ብለው ጨዋታ ጀመሩ።
«እኛማ አንድ ለምድ ክረምት በጋ ነበረን፤
ደጅ ስንጠና ግን ልምድ ማን ጠየቀን?»
ሳቅን። የእኔ ሳቅ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ዲግሪዬ ሣጥን ውስጥ ናፍታሊን ይሸታል፤
ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውባለም
ፋይሌን ሳትደልዝ አቆይታልኛለች፣
«ነገም ትመጣለህ» ትላለች፤
ሳንቲም መቀበል ግን ከጥር ወዲህ ትታለች።

ሰኔ ሲገባ ቡሬ ወረድኩ፤
ሦስተኛው ፎቅ ሲወጣ ደረስኩ።
ፎርማኑ አንሙት ልምድ አልጠየቀኝም፤
መዳፌን ገልብጦ «ብዕር ነው ይሄ» አለ፣
ባሬላውን ግን አልነፈገኝም።

ሦስት ቀን ጠጠር ተሸከምኩ።
በአራተኛው፣ አጎንብሼ፣
የቢሙን ስታፋ በስንዝሬ ለካሁ።
ደገምኩ። ላቤ ቀዘቀዘ።
«ጋሼ፣ ተራርቋል። ይሄ አይሸከምም» አልኩ፣
ድምፄ እንደ ሌባ አንሶ።
ማደባለቂያው ብቻ ሲዞር ይሰማል።
መጣ። ሜትሩን ዘረጋ።
ለእኔ አንዳች ሳይናገር
«ፍቱት!» አለ፣ «እንደገና ይታሰር።»

ክፍያዬ ያው የቀን ነው፤ ጠጠሩም አልቀለለ።
ማታ ግን ለውባለም ደወልኩ፦
«ፋይሌን ክፈቺው እስቲ፤
ልምድ ከሚለው ጎን ዜሮዋን አጥፊና
‹አንድ ቀን› ብለሽ ጻፊ።»