የእናት ባሌስትራ

የአባቴ ጂፕኒ በኪሎ ተሸጠ፤
ከሌሜሪ ባታንጋስ ሠላሳ አንድ ዓመት የሮጠ።
ጣራው ለአንዱ ሄደ፣ ሞተሩ ለሌላ፣
ግንባሩ ላይ የቆሙት የቆርቆሮ ፈረሶች ከሁሉም በኋላ።

አባቴ ከዚያ ሁሉ አንድ ብረት አስቀረ፤
ባሌስትራ፣ ጎባጣ፣ ዝገት የጀመረ።
ከአልጋው ሥር ከተተው፣
ቃሉንም አብሮ እዚያው ሸጎጠው።
ሦስት ወር አለፈ፤ ውሃ ሲያምረው እንኳ ብርጭቆ ያንኳኳል፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤
መተኛት ከተባለ።

እናቴ ኤርሊንዳ ዓሣ ነው ሥራዋ፤
ተስሎ ተስሎ አለቀ የድሮው ቢላዋ፤
የጥፍር ቁራጭ አክሎ።
«ይሄ የሚቆርጠው ጣቴን ብቻ ነው» ትልና ትወረውረዋለች፣
መልሳ ደግሞ ታነሣዋለች።

ስለዚህ ሰረቅሁት። ሌላ ስም የለውም።
ጎህ ሳይቀድ፣ በጆንያ፣ ማንም አላየኝም
(አልጋው ሲጢጥ አለ፤ ይበል፣ አልዞርሁም)።

ማንግ ኤልፒድዮ ብረቱን ተቀብሎ
አንዴ አንኳኳውና፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣
«ይቺ እናትየው ናት» አለኝ። «ከዚያ ሁሉ ቅጠል
ዓይን ያላት እሷ ናት፤ ሻሲውን የምትይዝ፤
የቀረው በሥሯ ነው የሚንጠለጠል።
ምን ትሁንልሽ ታዲያ?»
«ስለት አለብኝ» አልሁት፤ «ስለት አውጣላት።»
ሣቀ። ሽርጥ ወረወረልኝ፣ እሳቱን ነፋላት።

ከሰሉ የኮኮናት ቅርፊት ነው፤ ወናፉ
የፀጉር ማድረቂያ፣ ከልጁ ሳሎን የተረፈ፣ የተጣመመ አፉ።
ለመንገደኛ ስትል ስትጎብጥ የኖረች
ፍም ላይ ስትጋደም፣ መጀመሪያ ቀና አለች።

«ምቺ፣ ሮዌና!» አለኝ። መታሁ። «ብረቱን!
መስፉ ምን አደረገሽ?» መታሁ፣ አሁን ብረቱን።
በየምቱ ከላይዋ ቅርፊት ይረግፋል፤
ዶሮ ያቀፈች ሴት ትወርዳለች፣ ተማሪ ይወርዳል፤
ሂሳብ ሳይከፍል የሾለከው ሰካራም፣
በዝናብ ተሳፍራ መንገድ ላይ የወለደች፣ እሷም፣
ሁሉም ወረዱላት።
ቀለለች። ሳሳች። አፍ አወጣች።
አንዴ የተሰነጠቀች መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ፤
የዝገት ጠባሳ ኖሯል፣ በመዶሻ ታሸና ከሰመ።

መጨረሻ ላይ ዘይት፣ ከጋራዥ የተቃጠለ፤
ነከርናት። ጭሱ የአባቴን ሸሚዝ ሸተተ፣ ከነላቡ።
ዓይኔ ቀላ፤ ከጭስ ሌላ ምን አለ?

ከዚያ በቀስታ አሞቃት፤ ገለባ መሰለች፣ ቆይታ ማር።
«ወይን ጠጅ ሳትሆን እዚህ ላይ ይብቃት» አለ፤
«ከዚህ ካለፈች ትልፈሰፈሳለች፣
እዚህ ካልደረሰች ደግሞ እንደ ኩሩ ድሃ ትሰበራለች።»
አንዱን ዓይኗን ቆረጠ፣ አንዱን ግን ተወላት
በእጀታዋ ጫፍ ላይ፣ ሚስማር እንዲይዛት።
ዋጋ አልጠየቀኝም። «ከአባትሽ ጋር
ስንት ጊዜ በነፃ ሄጃለሁ» አለ፣ እጁን እየታጠበ።

ማታ ቤት ስገባ በጨርቅ ጠቅልያት
እናቴ ጠረጴዛው ላይ ባንጉስ ደርድራለች፤
«አልነካም!» አለችኝ ገና ስዘረጋላት።
«ስለታም ነገር በስጦታ አይሰጥም፣ ዝምድና ይቆርጣል፤
ሣንቲም ይከፈልበት፣ ያኔ ግዢ ይባላል።»
ከሽርጧ ኪስ አንዲት ፔሶ አወጣች፣
የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈባት፤
«ብረቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ» አለች፣ ለግድግዳው።
ከዚያም ለእኔ አቀበለችኝ፣ በልማድ፣ ሳታስበው፦
«ሂሳብ። አሳልፊልኝ።»

አሳለፍሁት።

አባቴ አልዞረም። ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል
መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ፣
አንድ እጁ መሪ ላይ እንዳለ ሁሉ።
ሣንቲሟን ጨበጣት፣ በአውራ ጣቱ ዳበሳት፤
«ከየት የተሳፈረ?» አለ።

ማንም አልመለሰም።
ዓሣው ሲከፈት ብቻ ተሰማ፣
ከጭራ እስከ ራስ፣ በአንድ ጉዞ።