እስከ ሱቅ

«እስከ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ነው ያልኳት፣
ሐርቡ ገና ሳይነጋ፣ ከአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ባገኘኋት።
«ብስኩት ይዘሽ ነይ» አለች፣ «ባለ ፈረሱን፣
ቀይ የለበሰውን።»
«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ያህል ይቀላል፣
ከአፍ ሲወጣ ላባ፣ ውሎ ሲያድር ቋጥኝ ያህላል።

ሻንጣዬን በጓሮ ማታውን አውጥታ፣
እህቴ ዚነት ቆማለች፣ ዐይኗን ከመሬት ተክላ፣ አፏን በነጠላዋ ዘግታ።
ከሚኒባሱ መስኮት ዞር ብዬ ሳየው
የሱቁ በር ዝግ ነው፤
ባለሱቁ ሰይድ ገና አልተነሣም።
ውሸቴን ያየብኝ ያ ዝግ በር ብቻ ነው፤ እሱ አልተናገረም፣ እኔም አልረሣም።

ቦሌ ላይ ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ትርፍ አለ፣
ሽሮዬን አወጣሁ፣ በርበሬዬም ጎደለ።
«እለፊ» አለኝ ልጁ፣ ቀና ብሎም አላየኝ፤
በዚያ ሁሉ ሚዛን
የዚያን ቃል ክብደት አንድም ሰው አልጠየቀኝ።

ቀበቶው እምቢ ሲለኝ ያሰረችልኝ የባቲ ልጅ
«ስንት ሰዓት ነው?» አለች፤ ሰዓት የለኝ በእጅ።
ከፊታችን ስክሪን ላይ ዝንብ የምታህል አውሮፕላን
ቀይ ባሕርን ትድሃለች፤ እኛም እዚያች ዝንብ ውስጥ ነን።
ባሕሬን ላይ ወለል ለወለል ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን፣
የኤጀንሲውን ቢጫ ፌስታል እንደ ታርጋ አንጠልጥለን።
ምን ዓይነት ሱቅ ነው ይሄ፣
ባሕር የሚሻገሩለት፣
አሻራ የሚሰጡለት፣
ከገቡበት በኋላ በሩ ከውጭ የሚቆለፍበት?

ፈሐሂል። ሦስተኛ ፎቅ። ስድስት ዓመት ሞላኝ።
ጣሪያው ላይ ልብስ ሳሰጣ የማጣሪያው እሳት ከሩቅ ያየኛል፣
አንሶላውን ዘርግቼ ጫፉ ላይ ስደርስ
መነሻው ደርቆ ይጠብቀኛል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከማዳም ጋር ጀምዒያ እንሄዳለን።
ጋሪውን እገፋለሁ፤ ብስኩቱ ጋ ስንደርስ እግሬ ይከብዳል።
ባለ ጨረቃው አለ፣ ባለ ድቡ፣ ባለ ግመሉ፣
እስከ ላይኛው መደርደሪያ፣ አይቼዋለሁ በሙሉ።
ፈረስ የለም።
«ያላ! ምን ታያለሽ?» ትለኛለች።
«ምንም።»

ባለፈው ዓርብ ዚነት በስልክ ነገረችኝ፣ እንደ ቀልድ፦
«ረውዳሽ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት፣ ዛሬም ሱቅ ብቻዬን ብሄድ
አትወድም። ጨው ልግዛ ስል ቀሚሴን ጨብጣ ትከተለኛለች፣
እዚያው አጠገቤ ቆማ፣ ይዛኝ ትመለሳለች።»
እኔም ሳቅኩ። ኔትወርኩ መሀል ላይ ቆረጠው ሳቄን፤
ደግ አደረገ፣ አላሰማቸውም ቀሪውን።

የማዳም ትንሹ ልጅ፣ ዐዚዝ፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣
ያኔ የረውዳ ዕድሜ እንደነበረው።
«ታች ባቃላው ጋ ሄደሽ ኹብዝ አምጪ» ስትለኝ
ከሳሎን ሮጦ መጥቶ፣ በሩን ተደግፎ ያየኛል፤ ዐይኑ ውኃ ሞልቶ ያየኛል።
ያ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። አሁን እኮ እውነት ነው፣
እስከ ሱቅ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው።
አልለውም።
ጫማውን ፈልጌ አጠልቅለታለሁ።
«በዚህ ሙቀት?» ትላለች ማዳም፣ «ልጄን ታቃጥይዋለሽ!»
በምችለው ዐረብኛ ለዚህ መልስ የለኝም፤
ቆቡን ደፍቼለት እወርዳለሁ።

ኹብዙ በአንድ ብብቴ፣ እሱ በሌላው፣
ደረጃውን ስንወጣ ላቡ አንገቴ ላይ ይፈሳል፣ እኔም አልጠርገው።
በሩን እሱ ያንኳኳል።
ሁለት ወጣን፣
ሁለት ገባን።