ሁለት ነጥብ

ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ ከጣርማ በር ሥር፣
ወረቀት ተለጥፏል በትምህርት ቤቱ በር፤
ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ማኅተሙ ያልደረቀ፣
ቃሉ ግን የደረቀ፦
«ምህንድስና ለሚሻ፣
ሒሳብ ሃምሳ መነሻ።»

ምንታምር አርባ ስምንት።
አንብባ፣ ደግማ አንብባ፣ በጣቷ ዳሰሰች ቁጥሩን፣
እንደሚፈትሽ ሰው የግድግዳ ልስኑን፣
ይፈርስ እንደሁ ብላ።
አልፈረሰም።

እናቷ ማንያህልሻል ከአስፋልቱ ዳር ናት፣
የደሴ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዛ የምትሮጥ በፍጥነት።
ጣሳዋን ሞልታ ሰፍራ፣ ገዥው ከፍሎ ሊሄድ ሲል፣
«ና እንጂ፣ ምርቃቱን!» ብላ እፍኝ ትጨምራለች ከዘንቢል።
ሠላሳ ዓመት ስትሸጥ እጇ ጎድሎ አያውቅም፤
ያለ ምርቃት የተሰፈረ፣ ከሷ ዘንድ ቆሎ አይባልም።

ነገርኳት። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።
«በስንት ነው ያጎደለችው?»
«በሁለት።»
«ሁለት ምን?»
«ሁለት ነጥብ።»
«ሁለት ነጥብ!
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገት ወጥታ፣ ቁልቁለት ወርዳ፣
ከነዚያ ሰፋሪዎች መሐል ምርቃት የሚያውቅ የለም ለእንግዳ?»

እኔ ምን እላታለሁ? የባዮሎጂ መምህር ነኝ።
የሒሳቡ ጥበቡ፣ ሸዋ ሮቢት ባጃጅ ሊነዳ ሲወርድ፣
«አንተ ሸፍንልን» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ዘመድ።
ጠዋት ስለ ቅጠል አስተምሬ፣ ከሰዓት ስለ ኢንቴግራል፣
ከልጆቹ በአንድ ገጽ ብቻ ቀድሜ፣ ሌሊት ሌሊት ስታገል፣
ምዕራፍ አምስት ላይ ስንደርስ፣ «ይኼ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳቸው።
መጣ።
ከዘለልኩት ገጽ ላይ ነው የሷ ሁለት ነጥብ የታጣ።
በሷ ስም ተጻፈ እንጂ ዕዳው የኔ ነበር፤
ወረቀቱ የት ያውቃል፣ ማን እንደ ነበር መምህር?

ከቤታቸው በላይ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት፣
መሬቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀስ ብሎ በሚንሸራተትበት፣
ስንጥቅ አለ።
ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ችካል ተከለች፣ አንድ ወዲህ፣ አንድ ወዲያ፣
ክር ወጠረች በመሐሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትለካለች በማስመሪያ።
ደብተሯ ላይ፦ ሐምሌ ሦስት ሚሊ፣ ነሐሴ ዘጠኝ፣
ጥቅምት ምንም፤ ከዳሩ፣ በእርሳስ፣ «አረፈ መሰለኝ»።
«ግንብ ነው የሚያስፈልገው ቲቸር፣ ውኃ የሚያስተነፍስ ግንብ» ያለችኝ፣
እኔ ገና ስለ ማዕዘን ሳላስተምራት ነው።

እውነት ለመናገር፣ ሃምሳውን አልጠላውም።
ግንብ በይሉኝታ አይቆምም፣ ድልድይ በአማላጅ አይጸናም፣
ሲሚንቶ ድኻ አይልም፣ ብረት ልቅሶ አይሰማም።
ይኸንን ለእናቷ ስል፣ ምንታምር ናት የመለሰች፣
ዓይኗን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች፦
«የለም ቲቸር፣ ግንብም እኮ ምርቃት አለው፤
መቶ ለሚሸከመው፣ መቶ ሃምሳ ነው የሚሰላው።»
ማንያህልሻል ሳቀች፣ ያ ሳቅ ግን አልጣመኝም፦
«ታዲያ ለግንቡ ጨምረው፣ ለግንበኛዋ ነፈጉ?»

በማግስቱ መጣች፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ።
«ምዕራፍ አምስት ቲቸር። ከመጀመሪያው።»
«እኔም እኮ አላውቀውም።»
«እንደማያውቁት አውቃለሁ።»
ተቀመጥን፤ ሁለት ተማሪ፣ ባንድ ዴስክ፣ ባንድ ላጲስ፣
እሷ ስትጽፍ እኔ ስሰርዝ፣ እኔ ስጽፍ እሷ ስታፈርስ።

የኔታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ንባብ ሲያስቆጥሩኝ፣
«ሁለት ነጥብ» ይሉኝ ነበር፣ «ቃል ከቃል ይለያል፤
ነገር የሚዘጋው አራት ነው፤ አትቸኩል።»

ውጭ ዝናቡ ጀምሯል።
ከላይ፣ ከመታጠፊያው፣ በሁለቱ ችካል መሐል፣
ክሩ ተወጥሯል፡