ለአራት ስምንት ጉዳይ

በቶሊዶ ከተማ፣ ማክሰኞ በጠዋት፣
ወንዙ ግማሽ ረግቶ፣ ግማሹ ሲንከራተት፣
ቨርሊን ፕሩክኒክ ደረሰ ፍርድ ቤቱ መስኮት ጋ፣
ጫማው በረዶ ጠጥቶ፣ ትንፋሽ ፍለጋ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከምድጃ ፊት ቆሞ
አሸዋ ሲያቀልጥ፣ ሲነፋ፣ ሲቆርጥ ከርሞ፣
ለዓለሙ ሁሉ መስኮት ሲሠራ የኖረ ሰው
የራሱን መስኮት ሊያጣ ስምንት ደቂቃ ቀረው።
አራት ሰዓት ሲሞላ፣ ከመንገዱ ማዶ፣
ቤቱ ለሐራጅ ይቀርባል፣ ከነጣሪያው በረዶ።

መጀመሪያ የታመመው የብሮኒያ ኩላሊት ነበር።
እጥበት በሳምንት ሦስቴ፤ መድን የማይሸፍነው ቀሪ፣
በካርድ የተከፈለ ቀሪ፣ በሌላ ካርድ የተከፈለ ካርድ።
እሷ ከሳች።
ሁለቱም ከሰሩ።
ቀጥሎ ተከሰሱ።
እንዴት ይቀራረባል ፊደሉ!
አንድ ሆሄ ቢዛነፍ ከአልጋህ ወርደህ መንገድ ላይ ነህ።

የባንኩን አምስት ደብዳቤ ቨርሊን አልከፈተም፤
ከሞተ ባትሪና ከልደት ሻማ ጋራ መሳቢያ ዘጋባቸው፣
ያልተቀደደ ፖስታ ያልተወለደ ዕዳ መስሎት።
ዕዳው ግን በጨለማም ወለደ፤
ወለዱም ወለደ።

የወጥ ቤቱ መስኮት ያኔ ፋብሪካው የጣለው ነው፤
መሃሉ ላይ አረፋ አለ፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህለው።
የቨርሊን የጉልምስና ትንፋሽ ናት፣ ታስራ የቀረች፣
ባንኩ በግምቱ ያልቆጠራት፣ ዋጋ ያልወጣላት።

ከመስታወቱ ጀርባ ኢሞጂን ስታውት ናት፣
መነጽሯ በሰንሰለት፣ አውራ ጣቷ በጎማ ቆብ።
«የምክሩን ትምህርት ወስደዋል?»
«በስልክ፣ ሌሊት። ‹ወጪ ቀንስ› አሉኝ።
‹ከየቱ?› ብል መስመሩ ዝም አለ።»
«የመዝገብ ማስከፈቻውስ?»
«በየወሩ... ከፈቀዳችሁልኝ።»
ለመክሰርም ገንዘብ ይጠየቃል።
ሁለቱም አልሳቁም።

ማኅተሟን አነሳች፣ ለአራት ስምንት ጉዳይ፤
የቀረችው ደቂቃ ጉዳይ፣ የተከፈተው መዝገብ ጉዳይ።
ጠቅ።
ማዶ ያለው መዶሻ ክንዱን እንዳነሳ ቀረ።

ሕጉ ይቅር አላለውም፤ ባንኩን ነው «ቆይ» ያለው።
ምዕራፍ አሥራ ሦስት ይባላል የገባበት ክፍል፣
እንደ ጳጉሜ፣ ከተቆጠረው ሁሉ በኋላ የምትመጣ፤
የጳጉሜ ግን አምስት ቀን፣ የሱ አምስት ዓመት፣
ውዝፉን በየወሩ ከጡረታው እየቆረሰ፣
የዘንድሮን ሳያጓድል የአምናን እየካሰ።
አንድ ወር ከሳተ መዶሻው እዚያው አየር ላይ ነው።

ከኋላው ላቶንድራ ጊብስ ተሰልፋ ነበር፣
የልጇን አንድ ጓንት ይዛ፤ ሌላው የት እንደወደቀ እንጃ።
ያው መስኮት፣ ያው ቅጽ፣ ያው ጠቅ።
ኢሞጂን ቀና ሳትል፦ «ተከራይ ነሽ? የማስለቀቂያ ፍርድስ?»
«ሐሙስ ተፈረደ።»
«ምክር መስጠት አልተፈቀደልኝም» አለች ኢሞጂን፤
መነጽሯን አወለቀች።
«ካርዱን ያስቆምልሻል። ሆስፒታሉንም።
በሩን ግን... ሐሙስ ቀድሞሻል።»

ሊፍቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆኑ።
ቨርሊን ወረቀቱን ካፖርቱ ሥር ሸሸገ፣ እንደ ሰረቀው ዳቦ።
ምድር ቤት ያለችው ክፍል ትዝ አለችው፤
ከዚያ የብሮኒያ የመድኃኒት ካርቶን፣ እስከ ጣራ የተደረደረ፤
ከዚያ ለገምጋሚው የሚጽፈው ዝርዝር፣ «በቤቱ ስንት ሰው አለ?» የሚለው።
አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ፦
«ይቅርታ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

የጓንቱን ጣቶች አንድ በአንድ አቃናች፣
እጅ ያለበት ይመስል።
«ላንተ አራት ገና አልሞላም» አለችው።
«ለኔ ሐሙስ ነው።»