ሰባት ብሎን

«አንተ!» ይሉኛል ማርቆስ ላይ፣ ከመድረክ ስወርድ ጠብቀው፣
«ሦስት ደቂቃ ጮኸህ፣ ጊታሩን እንደ ባላንጣ አንቀህ የምትለቀው፣
ምን አገናኘህ ከነዚያ፣ አንድ ዘፈን ጀምረው
ሻይ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ገና መግቢያው ላይ ካሉት፣
ኦርጋን በኦርጋን ላይ እንደ ካብ ከሚክቡት
ካረጁ ፈረንጆች ጋር?»

መልሱ ያለው ደጀን ነው፤
ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከማደያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣
ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳይወስድ አሮጌ ጎማ ቆልሎ
የተቀመጠው ጎሚስታ።
ስሙ ልንገረው ይሁን እንጂ
ከጎማ በቀር ከማንም ጋር ብዙ አያወራም።

አንድ የመንገድ መሐንዲስ ነው አሉ፣ ከበረሃው ወጥቶ፣
ሁለት ጎማ አስለጥፎ፣ ኪሱ ዝርዝር አጥቶ፣
ካሴት ሰጠው በክፍያ።
የባንዱ ስም በላብ ጠፍቷል፣ ሥዕሉም በዘይት ጣት።
ልንገረው ግን ክርስትና አነሳቸው፤ «ረጃጅሞቹ» አላቸው፣
የካሴቱ አንድ ፊት ሙሉ ለአንድ ዘፈን አልበቃ ብሏቸው።

እኔ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ፤ ብሎን አቀባይ፣ ነፋስ ሞይ።
ከባዱ መኪና ቁልቁል ሊወርድ ማርሹን ቀንሶ ሲያቃስት፣
እነሱም አብረው ይነሳሉ በአንዲት ቀጭን የኦርጋን ጩኸት።
የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሲሰወር፣ ድራሙ ይገባል፤
ሁለተኛው ላይ ብቅ ሲል፣ ጊታሩ አንድ ነገር ይጠይቃል፤
ታች፣ ጥንዚዛ አክሎ፣ ከአቧራው ጋር ሲታገል፣
እነሱ ገና ናቸው፤ ዘፈኑ ሌላ በር ሊከፍት ሲል።
ድልድዩ ጋ ሲደርስ ካሴቱ «ቋ» ብሎ ያልቃል።
የገደሉን ጥልቀት የለካሁት በዚያ ነው፤ በሜትር አይደለም።

አንድ ቀን ጠየቅኩት፤ «ጋሽ ልንገረው፣ ምቱ ምን ሆኖ ነው?
ሳጨበጭብ ያመልጠኛል፤ እጄ አየር ነው የሚይዘው።»
ዝም አለ። ከጓሮ አንድ ቸርኬ እያንከባለለ መጣ፣
ስምንት ቀዳዳ ያለው፣ አንዷ ብሎኗን ያጣች፣
በመፍቻው ጫፍ እየዞረ ያሉትን መታቸው፤
አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት፤
ባዶዋ ጋ ሲደርስ ሳይቆም ዘለላት።
«ይኸው ነው» አለ። «አንድ ጎድሎታል፤
ግን ጎንደር ደርሶ ይመለሳል።»

በክረምት፣ መብራት ሲዋዥቅ፣ ቴፑ ካሴቱን በላው።
ልንገረው ክሩን በእስክሪብቶ ጠቀለለ፣
የተኮማተረውን በምላጭ ቆረጠ፣
በሚያውቀው በአንድ መድኃኒት፣ በማስቲሽ ለጠፈው።
ከዚያ ወዲህ ኦርጋኑ ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ ጣሪያ ሊነካ ሲል
እልም ይላል።
ሦስት ሰከንድ።
የውጪው ዝናብ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ በሌላ ቁልፍ ይቀጥላል።

ከስንት ዓመት በኋላ ድራመኛችን ውባንተ
ሙሉውን በስልኩ አገኘልኝ፤ ስማቸውንም ነገረኝ፤
እዚህ አልጽፈውም።
ለካ የጎደለው ቦታ ላይ ጡሩምባ ነበረ።
ጡሩምባው ያምራል፣ አልዋሽም፤
ግን ልቤ እዚያ ሲደርስ እንደ ለመደው ዘለለ፤
ጡሩምባው ደጅ ቀረ።

እና እናንተ፣
በሦስት ደቂቃዬ መሃል ጩኸቱ ሲግም፣ ሲንቀለቀል፣
ድንገት እጃችንን ስናነሳ፣ አዳራሹ ጭር ሲል፣
«መብራት ሄደ!» ብላችሁ የምታፏጩት፣
መብራት አልሄደም።
ማስቲሽ ነው።

ባለፈው ልንገረው ራሱ መጣ፤
ካፖርቱን ሳያወልቅ ከኋላ፣ ከበሩ ጥግ ቆመ።
ሁሉ ሲያፏጭ እሱ ብቻ
በጣቱ ግድግዳውን ቆጠረ፤ ባዶዋንም ዘለላት።
ስንጨርስ መጣና ጊታሬን ገልብጦ አየው፣
እንደ ጎማ፣ የሚተነፍስበትን ፈልጎ።
«ደህና ነው» አለኝ። «ግን
ኩርባው ሳይደርስ አለቀ።»